ወዳጆ ለምን ያነክሳል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ንብረት ሳስረክብ፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የብረት ቁም ሣጥኔን ከፍቶ ግራ ተጋባ። ውስጡ አርባ አንድ የሠራተኛ የግል ማህደር ተደርድሯል። ጉርድ ፎቶግራፍ በሚለጠፍበት ቦታ በእርሳስ የተሣለ ፊት አለ፤ የትውልድ ቦታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የቅርብ ተጠሪ፣ ዋስ፣ ሁሉም በወጉ ተሞልቷል። አንዱን አገላብጦ፣ “ወይዘሮ አስቴር፣ እነዚህ ሰዎች ደመወዝ መክፈያው ላይ የሉም። ምን ላይ ነው የሚሠሩት?” አለኝ።

“ቡና ላይ፣ ወባ ላይ፣ ሽንት ቤት ቁፋሮ ላይ” አልኩት። “ግን አንዳቸውም አልተወለዱም።”

ርክክቡ ለግማሽ ቀን ቆመ። በመጨረሻ “ልዩ ልዩ ወረቀት” ብሎ መዝግቦ ተረከበኝ። ከሃያ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ስፈጥራቸው የኖርኩ ሰዎች ልዩ ልዩ ወረቀት ሲባሉ ትንሽ ከፋኝ፤ ሳቄም መጣ። ይህን የምጽፈው እንግዲህ የሠራሁትን ራሴ ልናገር ብዬ ነው።

ሥራዬ ለሥዕል ታሪክ ጀግኖችና ለጓደኞቻቸው የኋላ ታሪክ መጻፍ ነበር። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ለገበሬና ለተማሪ የሚታደሉ የሥዕል መጽሔቶች የሚያዘጋጅ አንድ ክፍል ነበረን። የመሥሪያ ቤቱ ስም ስድስት ጊዜ ስለተቀየረ አንዱን ጠርቼ ሌላውን ከማስቀይም ሁሉንም ልተወው። እኔ የገባሁት በታይፒስትነት ነው። አባቴ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ እኔ ግን ሚዛን ተወልጄ ሚዛን ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ። ይህን የምናገረው በኋላ ለሠራሁት ጥፋት ምክንያት ስለሚሆን ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሀብቴ ይባሉ ነበር። ቴፒ አካባቢ ባለ ቡና እርሻ በሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊነት ዕድሜያቸውን ከፈጁ በኋላ ነው ወደኛ የመጡት። ደርግ ወድቆ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሲበወዝ አንዱ ሹም “እርስዎ ሰው ያውቃሉ” ብሎ ሥዕል ክፍል መደባቸው። ሥዕል ስለሚባል ነገር የሚያውቁት አልነበረም። የሚያውቁት የግል ማህደር ነው። ስለዚህ ሠዓሊያችን ከድር “ደምሳሽ” የሚባል ጀግና ስሎ ሲያሳያቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ “ማን ቀጠረው?” አሉ።

ከድር አባቱ ገበያ ዳር ሱቅ ያላቸው፣ እሱ ግን ከሱቁ ይልቅ የሱቁን ማስታወቂያ መጻፍ የሚወድ ልጅ ነበር። “ጋሼ፣ እኔ ነኝ የሣልኩት” አላቸው።

“መሣል ሌላ፣ መቅጠር ሌላ። አያቱ ማን ነው? ዋስ አለው? ዋስ የሌለው ሰው የእርሻው በር አይገባም። ያንተ ሰውዬ ደግሞ ስንት ሺህ ቤት ሊገባ ነው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎርሙን እንድሞላ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ታይፕ መምታት ስለምችል እንጂ ተሰጥኦ አይተውብኝ አይደለም። ጋሽ ሀብቴ በተለመደው ፎርም ግርጌ በእጃቸው ሦስት መስመር ጨመሩ። ምን ይፈራል? ማንን አስቀይሟል? ቤቱ ሲገባ ማን ይጠብቀዋል? እነዚህ ሦስቱ ሳይሞሉ ከድር እርሳስ እንዳያነሣ ታዘዘ።

ደምሳሽ የቡና ጀግና ነው። ኃይሉ አፍንጫው ላይ ነው፤ መሬት ላይ የተሰጣ፣ ሻጋታ የያዘ፣ አረንጓዴ የተለቀመ ቡና ሦስት ኮረብታ አቋርጦ ይሸተዋል። እኔ መጀመሪያ “ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር” ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ሀብቴ ፎርሙን መለሱልኝ። “በነጻ የተሰጠውን ስጦታ ማን ያምነዋል? ምን አጥቶ አገኘው?” ሦስት ቀን አስቤ፣ አባቱ ፍየል በሚያድርበት ግቢ ያሰጡትን ቡና ነጋዴ ገበያ መሀል መንገድ ላይ ሲደፋባቸው ያየ ልጅ ነው ብዬ ጻፍኩ። አባትየው ጎንበስ ብለው ፍሬውን ሲለቅሙ የሸተተው ሽታ ከአፍንጫው አልወጣ አለ። ጋሽ ሀብቴ አንብበው ሲጨርሱ ማህተም አደረጉበት። ለእሳቸው ምስጋና ማለት ይኸው ነው።

ምን ይፈራል ለሚለው፣ ድልድይ ይፈራል አልኩ። በእኛ አገር ወንዙ ብዙ፣ ድልድዩ ግንድ ነው። ድልድይ የሚፈራ ጀግና ያለ ጓደኛ የትም አይደርስም። ወዳጆ የመጣው እንዲህ ነው። ወዳጆ ጫካ ለጫካ የሚዞር ማር ቆራጭ፣ ቀልደኛ፣ በአንድ እግሩ የሚያነክስ፣ ግን ግንድ ላይ እንደ ጉሬዛ የሚሮጥ ነው። የደምሳሽን እጅ ይዞ ያሻግረዋል፤ ማዶ ሲደርሱም ይስቅበታል። እውነቱን ለመናገር አንባቢው የወደደው ከጀግናው ይልቅ እሱን ነው።

ጋሽ ሀብቴ ለሁለቱም የሥራ መቆጣጠሪያ ከፍተውላቸው ነበር። አንድ እትም ላይ ወዳጆ ከሌለ የፈቃድ ወረቀት እንድሞላለት ያዙኛል። “የት ሄደ? ለቅሶ ነው? ታሞ ነው? አንባቢው ይጠይቅሻል” ይላሉ። እንደምትሥቁ አውቃለሁ፤ እኛም እንስቅ ነበር። ግን አንባቢው በእርግጥም ይጠይቅ ነበር። ከሸዋ ቤንች አንድ ተማሪ፣ “ደምሳሽ የማን ልጅ እንደሆነ ይገለጽልን፤ አባቴ የማን ልጅ እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ምክር አልሰማም ብሏል” ብሎ ጽፎልናል። ጋሽ ሀብቴ ደብዳቤውን ግድግዳው ላይ ለጠፉት።

መጽሔቱን ይዘን ብዙ አገር ዞረናል። ቱም ገበያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናሳይ፣ አንዲት ሴት ደምሳሽ ሲናገር ከአፉ የሚወጣውን፣ ቃሉ የተጻፈበትን ክብ አይታ፣ “ውይ፣ ይሄን ሰውዬ ምን አስመለሰው?” አለች። ሳጥኖቹንም ሰው ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንደመጣለት ነበር የሚያያቸው። ከድር እዚያው ቁጭ ብሎ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው የሚሄድ የእግር ዱካ ሣለ። ዱካውን ተከተሉ ሲባሉ ማንም አልተሳሳተም፤ አዳኝ በበዛበት አገር ዱካ የማያነብ የለም። የወዳጆ ዱካ አንዱ እግር ጠለቅ፣ አንዱ ሳሳ ያለ ነበር። ቱሞች ይህን ከኛ ቀድመው አስተዋሉት፤ “እዚህ ጋ ቀድሞ የሄደው አንካሳው ነው” ይባባሉ ነበር።

አለቆችም ተፈራረቁብን። አንዱ ደምሳሽ ከረባት ይሰር አለ። ሌላው ደግሞ የሰው ኃይል ቅነሳ ሲመጣ፣ “አንድ ሥራ ለምን በሁለት ሰው ይሠራል? ወዳጆ ይቀነስ” ብሎ በደብዳቤ አዘዘ። ጋሽ ሀብቴም በደብዳቤ መለሱ፦ “አቶ ደምሳሽ ድልድይ የሚፈሩ መሆናቸው በግል ማህደራቸው ስለተመዘገበ፣ ምትክ ሳይመደብ አቶ ወዳጆን ማሰናበት ሥራ ያስተጓጉላል።” አለቃው ሳቀና ተወው። ጥሩ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ጌጫው ነገር ልግባ። ይህን ዘልዬ ብጨርስ የሥራ ዘመኔን ተናገርኩ ማለት አልችልም።

ወዳጆ መልክ ያገኘው ማር በሚበዛበት ጌጫ፣ ገበያ ላይ ነው። አቶ አደሎ የሚባሉ ንብ አናቢ ማር ሲሸጡ ከድር አያቸው። በግራ እግራቸው ያነክሳሉ፤ የቆዳ ባርኔጣ አድርገዋል፤ ሲስቁ ፊታቸው ሁሉ ይስቃል። “አባባ፣ ልሣልዎት?” ሲላቸው፣ “ለምን?” አሉ። “ለመጽሐፍ” አላቸው። ደስ ብሏቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ከማራቸውም አቀመሱን። ከድር ፊታቸውን፣ እግራቸውን፣ ባርኔጣቸውን እንዳለ ወሰደ። እንዲህ ያለ መልክ ተገኝቶ ማን ይተወዋል?

ፎርሙ ላይ “የአካል ጉዳት ካለ ምክንያቱ” የሚል መስመር አለ። የወዳጆ ሳይሞላ ሁለት ዓመት ቆይቷል። ጋሽ ሀብቴ ደንባቸው ግልጽ ነበር፦ የማታውቂውን የሚያውቀውን ሰው ሳትጠይቂ አትሙዪ፤ ባዶ መስመር ማንንም አይጎዳም። በዚያ ክረምት ግን እሳቸው ታመው ጅማ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አንባቢው ወዳጆ እንዴት ከደምሳሽ ጋር እንደተገናኘ ካልነገራችሁን እያለ ይጨቀጭቀናል። እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሞላሁት። ወዳጆ ጎረምሳ ሳለ ከሰው ቀፎ ማር ሊሰርቅ ዛፍ ወጣ፤ ንቦቹ ነደፉት፤ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ደምሳሽ ማሩ ሸቶት መጣ፤ ይቅር ብሎ አነሣው፤ ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ዋስ በሚለው ላይ “ደምሳሽ” ብዬ ጻፍኩ። በጣም የረካሁበት ጽሑፍ ነበር። ከድርም እየሳቀ ሣለው።

እኛ ከተማ ስናድግ ከጎረቤት ግቢ ዘይቱን መስረቅ የልጅ ወግ ነው። የሰው ማርም እንደዚያው መሰለኝ። ጌጫ ግን ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ባለቤቱ የታወቀ ነው። ሰው ቀፎውን ጫካ መሀል ሰቅሎ ወራት ቢቆይ የሚነካበት የለም። የሰው ቀፎ የነካ ሰው ለምስክርነት አይጠራም፤ ልጁንም ለጋብቻ የሚጠይቅ አይገኝም። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። መጠየቅ ብቻ ነበረብኝ።

መጽሔቱ በወጣ በሁለተኛው ወር አቶ አደሎ ሚዛን መጡ። ልጃቸው ታደለች አብራቸው ነበረች። መጽሔቱን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

“ይሄ እኔ ነኝ?” አሉ።

“አይደሉም አባባ፤ ይሄ ወዳጆ ነው። የፈጠራ ሰው ነው።”

“ፊቱ የኔ ነው። እግሩ የኔ ነው። ባርኔጣው የኔ ነው።” በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩት። “ሌብነቱ የማን ነው?”

ታደለች መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ። ለጥምቀት ማግስት ልትዳር ታጭታ ነበር። መጽሔቱ ትምህርት ቤት ሲታደል ልጆች አባቷን አወቋቸው፤ ገበያ ላይ “ቀፎ ሰባሪ” የሚል ስም ወጣ። የእጮኛዋ አባት “እስኪጣራ እንቆይ” ብለው ልከዋል። “እንቆይ ማለት ቀረ ማለት ነው” አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ሀብቴ ከጅማ ሲመለሱ ከስተው ኮታቸው ሰፍቷቸው ነበር። ነገሩን ስነግራቸው የወዳጆን ማህደር አስመጥተው መጨረሻውን ገጽ አነበቡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብለው፣ “ዋሱ ደምሳሽ ነው ብለሻል። ደምሳሽ ጌጫ ሄዶ ሊቆምላቸው ይችላል?” አሉ።

“አይችልም።”

“እንግዲያው ተነሺ።”

ሦስታችንም ሄድን፤ ጋሽ ሀብቴ፣ ከድርና እኔ። ገበያ ቀን ነበር። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ የእጮኛዋም አባት መጡ፤ ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። ተነሥቼ፣ እኚህን ሰው ማር ሲሸጡ ከማየት በቀር እንደማላውቃቸው፣ ስለ እግራቸው አንድም ቃል እንዳልጠየቅሁ፣ ስርቆቱን ቢሮ ቁጭ ብዬ ከራሴ እንደፈጠርኩት ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ “የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” አሉ።

የእጮኛዋ አባት ግን ወደኔ ሳያዩ፣ “ይቺ ሴት ዛሬ ተናግራ ነገ ትሄዳለች። ወረቀቱ እያንዳንዱ ቤት አለ። ወረቀት የተናገረውን ወረቀት ይመልሰው” አሉ። ሁሉም “እውነት ነው” አሉ።

እኔም ቸኩዬ፣ “እንዲያውም በሚቀጥለው እትም ወዳጆ የወደቀው ንብ የከበበውን ሕፃን ሲያድን ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ አገር የሚያከብረው ጀግና አደርግዎታለሁ” አልኩ። ካሳ መሆኑ ነበር።

አቶ አደሎ እጃቸውን አነሡ። “አይ፣ ልጄ። ሌባ አታድርጊኝ፤ መልአክም አታድርጊኝ። ሌላ ውሸት አልፈልግም።”

“ታዲያ እግርዎ ምን ሆኖ ነው?” ሁለት ዓመት የዘገየ ጥያቄ ነው።

ትንሽ አፈሩ። ወደ ሽማግሌዎቹ አይተው፣ “የገዛ ዛፌ ላይ ነው” አሉ። “የምወጣበት ሐረግ ደርቆ ነበር። ሚስቴ ‘ገበያ ነው፣ የቃጫ ገመድ ግዛ’ አለች። እኔ ሰሰትኩ። ዘንድሮን ይይዛል አልኩ። አልያዘም።”

አንድ ሽማግሌ በሳቅ ፍርፍር አሉ፤ ሌላው ተከተለ፤ አቶ አደሎም ራሳቸው ሳቁ። የእጮኛዋ አባት ብቻ አልሳቁም። “ይሄ ይጻፍ” ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ሚዛን ስንመለስ አዲሱ አለቃ አሻፈረኝ አለ። “መሥሪያ ቤት ተሳስቻለሁ ብሎ አያትምም” አለ። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱን ትቼ ጥፋቱን በራሴ ስም ጻፍኩ። ከድር የወዳጆን መልክ ልለውጠው ብሎ ነበር፤ ለአቶ አደሎ መልእክት ብንልክላቸው፣ “ያው ፊት ይሁን። የዋሸው ፊት ራሱ እውነቱን ይናገር” ብለው መለሱ። በአንደኛው ሳጥን ደረቁ ሐረግ አለ፤ በሁለተኛው ሚስትየዋ ገመድ ሻጩን ታሳያለች፤ በሦስተኛው ወዳጆ ይወድቃል። በአራተኛው ፊቱን ወደ አንባቢው አዙሮ፣ “ከሰው ቀፎ ሰረቀ ተብሎ የተጻፈው ውሸት ነው። የጻፈችው አስቴር ትባላለች፤ ሳትጠይቀኝ ነው የጻፈችው። እኔ የወደቅሁት ከገዛ ዛፌ፣ በገዛ ስስቴ ነው” ይላል። ደምሳሽ ምንም አይናገርም፤ እንዳይናገር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሳላስፈቅድ ስላሳተምኩት አለቃው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ማህደሬ ውስጥ አለ። ካሉኝ ወረቀቶች ሁሉ የማላፍርበት እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሳልጠይቅ የሞላሁት መስመር የለም። አንድ የወባ ጀግና ለመጻፍ ቴፒ ሄጄ ቤት ለቤት መድኃኒት ከሚረጩ ሰዎች ጋር ሳምንት ዞሬያለሁ። ጋሽ ሀብቴ ከሞቱ በኋላ ማህተሙ ለእኔ ተላለፈ፤ ጥሩ ጽሑፍ ሳገኝ እንደሳቸው እመታበት ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሰው ሁሉ ስልክ ይዞ መጽሔቱ ቀዘቀዘ፤ ክፍሉም ከሌላ ክፍል ጋር ተቀላቀለ። አልተቆጨሁም። ወደድኩት፣ ሠራሁት፣ አበቃ።

ወደዚያ ዓመት ልመለስና፣ የእርማቱን እትም በፖስታ አልላክሁትም። ራሴ ተሸክሜ ጌጫ ወሰድኩ፤ መጀመሪያ የወጣው በደረሰበት ቤት ሁሉ እንዲደርስ ከመምህራኑ ጋር እየዞርኩ አደልኩ። የእጮኛዋ አባት ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸው ገበያ መሀል ጮክ ብሎ አነበበላቸው። የገመዱ ጋ ሲደርስ፣ “ድገመው” አሉት። ደገመው። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሰላም ሳይሉኝ ሄዱ። ምን እንደወሰኑ ሳላውቅ ወደ ሚዛን ተመለስኩ፤ እስከ ጥምቀት ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

የጥምቀት ማግስት አቶ አደሎ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ለምን እንደተጠራሁ የነገረኝ የለም። ድንኳን ተተክሎ ሳይ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ታደለች በነጭ ልብስ ከሩቅ አይታኝ ሳቀች፤ እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ የሙሽራው ወገን እየዘፈነ ገባ። የሙሽራው አባት ከፊት ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ አዲስ፣ ወፍራም የቃጫ ገመድ ጠምጥመዋል። ሰው ሁሉ እያየ አወረዱትና ለአቶ አደሎ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

አቶ አደሎ ገመዱን ተቀብለው አንዱን ጫፍ በግቢው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ወረወሩ። ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ይዘው፣ ደህናውን እግራቸውንም አንካሳውንም ከመሬት አንሥተው ተንጠለጠሉበት። ዘፈኑ ቆመ። ጥቂት ተወዛውዘው ወረዱና ወደ ሙሽራው አባት ዞረው፣

“ይሄኛው ይይዛል” አሉ።